ባለ ሁለት አልጋው ክፍል

ሰፈሩ «እትዬ ወስፌ» ነበር የሚላት። ቅጽል ስሙ የወጣላት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፍራሽ ሰፊ ስለሆነች ወስፌ ከእጇ አይለይም። ሁለተኛውን ምክንያት ደግሞ አንዴ ከእሷ ጋር የተከራከረ ሰው ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል። ባሏን «ጋሼ ይሁን» ይሉታል። ብዙ ሰው ወላጆቹ ያወጡለት ስም ይመስለዋል፤ አይደለም። ሰውዬው ዳቦ ጋጋሪ ነው። የታመመውን ሠራተኛ ተክተህ ግባ ሲሉት «ይሁን»፣ የዓመት ፈቃድህን ለሌላ ጊዜ እናቆየው ሲሉት «ይሁን»፣ ጎረቤት አጥሩን ወደ እሱ ግቢ ገፋ አድርጎ ሲያጥር «ይሁን» ሲል ኖሮ፣ ቃሉ ስም ሆኖበት ቀረ።

ሁለቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ በትዳር ኖረዋል። አብረው አድረዋል ማለት ግን ይከብዳል። ዳቦ ቤቱ የሚሠራው ሌሊት ነው። እሱ ሲመሽ ይወጣና ሲነጋ ዱቄት ለብሶ ይመለሳል። እሷ ሲነጋ ትወጣና ሲመሽ ጥጥ ለብሳ ትመለሳለች። የሚገናኙት በር ላይ ነው። እሱ ትኩስ ዳቦ ያቀብላታል፣ እሷ ቁልፍ ታቀብለዋለች፤ «ሻይ ተፈልቷል»፣ «ልጅቷን አተኩሷታል»፣ «ቧንቧው ያንጠባጥባል» ይባባላሉ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። አልጋቸው ቀዝቅዞ አያውቅም፤ እሷ ስትነሳ እሱ ይገባበታል።

መጀመሪያ ላይ ዳቦ ቤቱ ቅዳሜ ማታ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ ሴት ልጃቸውንና ታናሽ ወንድሟን ጎረቤት «የቅዳሜ ልጆች» እያለ ሲያሾፍባቸው አደጉ። ልጆቹ ከፍ ሲሉ የዳቦ ቤቱ ባለቤት የቅዳሜውንም ሌሊት ሥራ አደረገው። ወስፌ ታዲያ «ሦስተኛ ልጅ የከለከለን ዳቦ ነው» ትላለች። ስትለው ሰው ይስቃል። እሷ ግን አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ አትስቅም።

ኋላ ሳል መጣ። ጋሼ ይሁን ደረጃ ሲወጣ ማፏጨት ጀመረ፤ በአፉ ሳይሆን በደረቱ። ሐኪሙ ጀርባውን ብዙ ካዳመጠ በኋላ «አባባ፣ ዱቄት ይበቃዎታል» አለው። «ይሁን» አለ። ግን ከሐኪም ቤቱ ወጥተው መንገድ ሲሻገሩ እንባው ወረደ። ወስፌ አላለቀሰችም። እንዲያውም፣ ክፉ ብትባልም ትባል፣ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር እልል አለ። ቤት ገብታ አንሶላ ቀየረች። ራሷ የሰፋችውን አዲስ ትራስ ከእሷ ትራስ ጎን አስቀመጠች።

ሌሊት ስትነቃ ጎኗ ባዶ ነበር። ተነስታ ስትፈልገው ማድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሊጥ እስኪነሳ የሚጠብቅ ሰው መስሎ። በማግስቱም እንደዚያው። ቀን ቀን፣ እሷ ሥራ ላይ ሆና፣ እሱ መጋረጃ ጋርዶ ይተኛል። ማታ እሷ ስትተኛ እሱ በእግሩ ጣት እየተራመደ ከአልጋው ይወርዳል። ወሩ እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን አልቻለችም። «አንተ ሰውዬ፣ ዳቦ ቤቱ ለቀቀህ፤ ሌሊቱ ግን እምቢ አለ ማለት ነው?»

«ምን ላድርግ? ዓይኔ አይከደንም። አንቺን እንዳልቀሰቅስ ብዬ ነው የምወጣው።»

«ማን አትቀስቅሰኝ አለህ?»

«ደክሞሽ ትውያለሽ ብዬ...»

«ቀስቅሰኝ! ከፈለግህ እግሬን ጎትተኝ!»

እሱ አንገቱን ደፋ። አይቀሰቅሳትም፤ ታውቀዋለች።

የምትሠራበት የፍራሽ ቤት ከባቡር ሐዲዱ ጥግ ነበር። ከስፌት ጠረጴዛዋ ፊት ለፊት አቧራ የጠገበ መስኮት አለ። ሥራ ሊያበቃ ሲል ወደ ባሕር ዳርቻው ከተማ የሚሄደው የሌሊት ባቡር በዚያ በኩል ያልፋል፤ ጣቢያው ቅርብ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ መኝታ ያላቸው ፉርጎዎች መብራታቸው በርቶ ውስጣቸው ይታያል። አንድ ክረምት የፍራሽ ቤቱ ለእነዚያ ፉርጎዎች ፍራሽ ስፉ ተብሎ ታዞ ነበር። ጠበብ ያለ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው ፍራሽ። ወስፌ ሰፍታ ሰፍታ ጣቶቿ አበጡ። የምሳ ሰዓት ላይ አንዱን መሬት ዘርግታ ጋደም ብትልበት፣ አሠሪዋ አጨብጭቦ አስነሳት። «የደንበኛ ዕቃ ነው» አላት። ያ ነገር እስከ ዛሬ አልወረደላትም።

እና ባሏን «ቀስቅሰኝ» ባለችው ሰሞን፣ ባቡሩ ሲያልፍ ቀና ብትል፣ አንድ መስኮት ውስጥ ባልና ሚስት አየች። ወጣቶች አይደሉም። ሴትየዋ አንሶላ ታነጥፋለች፤ ሰውዬው ትራሱን በአገጩ ይዞ የትራስ ልብስ ሊያለብሰው ይታገላል፤ ሴትየዋ ዞር ብላ አይታው ትስቃለች። ፉርጎው አለፈ። ወስፌ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ የመስኮቱን አቧራ በእጅጌዋ ጠረገች።

ማታ ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ «እንሄዳለን» አለችው።

«ወዴት?»

«ባቡሩ የሚሄድበት።»

«እዚያ ማን አለን?»

«ማንም። ባሕር አለ ይላሉ።»

ጋሼ ይሁን ትንሽ አሰበ። «ባሕሩን ለማየት ነው?»

«ባሕሩ ይቆየን። ሌሊት ነቅተህ መቀመጥህ ካልቀረ፣ የሚሄድ ነገር ላይ ተቀመጥ፤ እኔም አጠገብህ ልቀመጥ።»

«ይሁን» አለ፤ ይህን ግን ያለው ፈገግ ብሎ ነው።

ትልቋ ልጃቸው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የአባቷን የሳል መድኃኒት የምታመጣውም እሷ ናት። ስትሰማ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች እየበረረች መጣች።

«እማዬ፣ አብደሻል? አባዬ በዚህ ደረቱ ሌሊቱን ሙሉ በባቡር? ባሕር ካማራችሁ በአውሮፕላን ሂዱ። አንድ ሰዓት ናት። ትኬቱን እኔ እቆርጥላችኋለሁ።»

«አንድ ሰዓት ምን ያደርግልኛል? እኔ የፈለግሁት ሌሊቱን ነው።»

«ሌሊቱን? ምን ልትሆኑበት? በዚህ ዕድሜ...» ልጅቷ አፏን ያዘች።

«በዚህ ዕድሜ ምን? ጨርሺዋ!»

ልጅቷ ፊቷ በርበሬ መሰለ። አባቷ ያድናት እንደሆን ዞር ብላ አየችው፤ እሱ የሻይ ብርጭቆውን ግርጌ በጥሞና ይመረምር ነበር። «እንደ ፍጥርጥራችሁ» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። መድኃኒቱንና አንድ የአንገት ልብስ ግን ጠረጴዛው ላይ ትታ ነው የሄደችው።

አሠሪዋ ዘንድ ነገሩ የባሰ ነበር። የሆቴል ፍራሽ ታዞ ክምሩ ጣሪያ ሊነካ ደርሷል።

«አሁን ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። አንቺ ከሄድሽ ማን ይሰፋል?»

«አንተ።»

ሠራተኞቹ ሁሉ ጥጥ ውስጥ ፊታቸውን ቀበሩ። ሰውዬው ደሙ ፈላ። «ከሄድሽ ቦታሽን አልጠብቅልሽም፤ ይህን እወቂ!»

«እሺ» አለችው። ወስፌዋንና መቀሷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፣ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ወጣች። ደጁን ካለፈች በኋላ ነው ግድግዳ የተደገፈችው። ከዚያ በቀጥታ ባቡር ጣቢያ ሄደች። በመስኮቱ የተቀመጠችው ትኬት ሻጭ «አራት አልጋ ያለው ክፍል ይሻላችኋል፣ ባለ ሁለቱ ይወደዳል» ስትላት «ባለ ሁለቱን ስጪኝ» አለች፤ «በር ያለው ነው አይደል?»

የጉዞው ቀን ጋሼ ይሁን ለሠርግ የሚሄድ መስሎ ተላጨ። ሱሪውን ራሱ ተኮሰ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ጣቢያው ገና ሳይሞላ ደረሱ። ባቡሩ ሲመጣ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። ክፍላቸው ጠባብ ነበረች፤ አንዱ ባንዱ ላይ የተሠሩ ሁለት አልጋዎች፣ የምትታጠፍ ጠረጴዛ፣ ጥጓ የተሸረፈ መስታወት፣ ሲጋራ የበሳው መጋረጃ፣ ተንሸራቶ የሚዘጋ በር። ወስፌ መጀመሪያ የፍራሹን ጥግ ገልብጣ አየች።

«የኔ አይደለም። ማን ነው እንዲህ የሰፋው? በእግሩ ነው እንዴ?»

«ባክሽ ዛሬ እንኳን ፍራሽ አትይ» አላት ባሏ፤ ሁለቱም ሳቁ። ትራሱን አንስቶ የትራስ ልብሱን ሊያለብስ ሲታገል አየችው። በአገጩ አልያዘውም፤ በብብቱ ነው የያዘው። እሷ ግን ቅር አላላትም።

ባቡሩ ከከተማው ወጥቶ መስኮቱ መጨለም ሲጀምር በሩ ተንኳኳ። የፉርጎው አስተናጋጅ ነው፤ ቀጭን፣ ኮፍያውን ብብቱ ውስጥ የከተተ፣ ዓይኑ መሬት መሬት የሚያይ ሰው።

«እማማ፣ አባባ፣ በጣም ይቅርታ። አንድ ችግር ተፈጠረ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ትልቅ ኃላፊ ሳያሳውቁ ተሳፍረዋል። ይቺን ክፍል ለእሳቸው እንድናስለቅቅ ታዘናል። እርስዎን ሴቶች ክፍል አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ ሦስተኛው ፉርጎ። አባባን ደግሞ መጨረሻው ፉርጎ፣ ወንዶች ጋ። ጥሩ አልጋ ነው፤ ለአንድ ሌሊት እኮ ነው፣ ምን አላት!»

ጋሼ ይሁን ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ይሁን» ብሎ ሻንጣው ላይ ጎንበስ አለ።

«አስቀምጠው» አለችው ወስፌ።

ድምፅዋ ከፍ አላለም። እሱ ግን እጁን ከሻንጣው ላይ አነሳ። እሷ ቀስ ብላ ታችኛው አልጋ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋው ሥር ጎን ለጎን አሰለፈቻቸው። ከዚያ ወደ አስተናጋጁ ቀና አለች።

«ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ ታዘህ ነው። ሂድና ላዘዘህ ሰው እንዲህ በልልኝ፤ ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃለች በለው።»

«እማማ...»

«በለው።»

አስተናጋጁ ሄደ፤ በምትኩ የባቡሩ ሹም መጣ። ይሄኛው ጢም ያለው፣ ቁልፍ በወገቡ ያንጠለጠለ፣ ሲናገር በሩን በጣቱ የሚመታ ነው። መመሪያ አለ አለ። ተሳፋሪ የመተባበር ግዴታ አለበት አለ። ወስፌ ስትሰማው ቆይታ «ትኬታችን ላይ የተጻፈው ይህ ክፍል ነው ወይስ አይደለም?» አለችው። ክፍሉ ነው፤ ግን መመሪያ አለ። «እንግዲያው መመሪያው ራሱ መጥቶ ያስወጣኝ።»

በዚህ መሀል መተላለፊያው ሞላ። ከጎን ክፍል አንዲት ሴት፣ ፀጉሯን በመጠቅለያ ጠቅልላ ልትተኛ የነበረች፣ አንገቷን አውጥታ «ምንድነው እሱ?» አለች። ሰው አንዱ ለአንዱ እያስተላለፈ ወሬው ፉርጎውን ዳር እስከ ዳር አዳረሰ። በመጨረሻ ኃላፊው ራሳቸው መጡ። ወፍራም፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ፣ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ያጠፉ ሰው ናቸው። ትሑት ለመሆን ሞከሩ፤ ልማድ ስላልነበራቸው ግን አላማረባቸውም።

«እናቴ፣ እኔም ለሽርሽር አይደለም የምሄደው። ነገ ጠዋት ከባድ ስብሰባ አለኝ። መተኛት አለብኝ።»

«እኛም መተኛት አለብን።»

«እናንተ እኮ የትም መተኛት ትችላላችሁ።»

«የትም ተኝተናል ጌታዬ። የትም፣ ለየብቻ። እሱ ሌሊት የእርስዎን ቁርስ ሲጋግር፣ እኔ ቀን የእርስዎን ፍራሽ ስሰፋ ኖርን። አሁን በቃን።»

መተላለፊያው ላይ ሰው አጉረመረመ። ኃላፊው ፊታቸው ጥቁር አለ። ትሕትናውን እዚያው ጣሉት። «ለመሆኑ» አሉ፣ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞር እያሉ፣ «ባልና ሚስት መሆናችሁን በምን እናውቃለን? በዚህ ዕድሜ ተደብቆ የሚሳፈር ስንት ጉድ አለ!»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ወስፌ ክው አለች። ከስድቡ ይልቅ ያስደነገጣት ዙሪያዋን የቆመው ሰው ፊት ነበር። እውነትም ባልና ሚስት አይመስሉም ይሆን? ለስንት ዘመን አብረው ስላላደሩ፣ የሆነ ነገር ፊታቸው ላይ ጎድሎ ይታይ ይሆን?

ያን ጊዜ ነው ጋሼ ይሁን የተነሳው። ጠባቧን ክፍል በሁለት እርምጃ አቋርጦ በሩ ላይ ቆመ። ዘመኑን ሁሉ ሊጥ ያሸ ሰው ነው፤ ጎብጦ ስለሚሄድ አይታወቅም እንጂ ትከሻው የበሩን ስፋት ሞላው።

«እምቢ» አለ።

ወስፌ እንኳን ደነገጠች። ቃሉ ከእሱ አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።

«ምን አልክ?» አለ ሹሙ።

«እምቢ አልኩ። ሚስቴ ናት። አንወጣም። ደህና እደሩ።»

በሩን ሳብ አድርጎ ዘጋው፤ ከውስጥ መቀርቀሪያውን ወረወረ። ወዲያው ከውጭ ጩኸት ተነሳ። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ የኃላፊው ኮት እጅጌ በሩ ላይ ተይዞ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ይሁን መቀርቀሪያውን ፈታ፣ በሩን አንድ ጣት ያህል ከፈተ፣ እጅጌውን አጣጥፎ ወደ ውጭ መለሰ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ እንደገና ዘጋው። መተላለፊያው በሳቅ ፈነዳ። አሁን የሚሳቀው በማን ላይ እንደሆነ ግልጽ ነበር።

ሹሙ በሩን በጡጫ መታው። «የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ በፖሊስ ትወርዳላችሁ!»

ሁለቱ ታችኛው አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ እጁን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። ሁለት የፈሩ ሰዎች በሚሄድ ባቡር ውስጥ።

«ቢያወርዱንስ?» አለ።

«ከወረድን ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን እናድራለን።»

«ዝናብ ይመስለኛል።»

«ይዝነብ! ለየብቻ ከምንደርቅ አብረን እንበስብስ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ የእሱ ሳቅ ወደ ሳል ተቀየረበት። የልጃቸውን የአንገት ልብስ ጠመጠመችለት።

ባቡሩ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ። እውነትም ይዘንባል። በሩ ሲንኳኳ ጋሼ ይሁን ከፈተ። ካፖርቱ ውሃ የሚያንጠባጥብ፣ ከእንቅልፉ የተነሳ ፖሊስ ቆሟል፤ ከኋላው ሹሙ። ፖሊሱ ትኬታቸውን አይቶ መለሰላቸው።

«ሰው መታችሁ?»

«አልመታንም» አለች ወስፌ።

«ሰደባችሁ?»

«ተሰደብን እንጂ።»

«ኮት ይዘዋል!» አለች የጎን ክፍሏ ሴት፤ ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ። ፖሊሱ ነገሩን ሲነግሩት አዳመጠ። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞረ። «ታዲያ ትኬት ቆርጦ ቦታው ላይ የተቀመጠን ሰው በምን ወንጀል ልያዘው? እኔን በዚህ ዝናብ ያስነሳችሁኝ ለዚህ ነው?» ካፖርቱን እያራገፈ ወረደ። ሹሙ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ባቡሩ ፊሽካ ነፋ፤ አፉን ዘጋ።

ትንሽ ቆይቶ አስተናጋጁ ሙቅ ውሃ ይዞ መጣ። አሁን ዓይኑ መሬት አያይም። በሹክሹክታ «ኃላፊው የኔን አልጋ ወሰዱ» አላቸው። «እኔ መተላለፊያው ጫፍ ላይ ነኝ፤ ወንበር አለች፤ ግድ የለም።»

ወስፌ ከንፈሯን ነከሰች። ለሰውዬው አዘነች፤ በእሷ የተነሳ የተጎዳው እሱ ብቻ ነው። ላይኛው አልጋ ባዶ ነው። ወደ ውስጥ ልታስገባው ግን አልፈለገችም፤ ይህቺን ክፍል ለማንም አታካፍልም። ተነስታ የላይኛውን አልጋ ፍራሽ ከነብርድ ልብሱ ጎትታ አወረደችው።

«እንካ። ወንበር ላይ አትደር። ስፌቱ የማይረባ ነው፤ በዚህ በኩል ገልብጠህ አንጥፈው፣ አይቆረቁርህም።»

አስተናጋጁ ፍራሹን ተሸክሞ ሲወጣ በሩን ራሷ ዘጋችው።

ታችኛው አልጋ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ ያውም ለቀጭን። ተጠጋግተው ተጋደሙ። መብራቱን አጠፉ። ሐዲዱ ከሥራቸው ታ-ታ፣ ታ-ታ ይላል። ወስፌ ምሽት ከገባ ዓይኗ የሚከደን ሰው ናት፤ አሁንም ጭንቅላቷ ከበዳት።

«ተኚ» አላት።

«አልተኛም። ሌሊቱን ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«ስንት ዓመት ያየኸውን። እኔ እኮ አላየሁትም።»

ጋሼ ይሁን ስለ ራሱ ማውራት አያውቅበትም። መጀመሪያ ሁለት ቃል አወጣ፣ ቀጥሎ አንድ ነገር፣ ቀስ በቀስ ተፈታ። ምድጃው ገና ሲለኮስ እንደ ሰው እንደሚያቃስት ነገራት። ከጭፈራ ቤት ሲወጣ ሁልጊዜ በጓሮ በር መጥቶ ትኩስ ዳቦ የሚለምን፣ ዳቦውን ሳይበላ ፊቱ ላይ አድርጎ የሚሞቅበት አንድ ሰካራም ነበር። ሊጡ ሲነሳ ድምፅ አለው፤ በጣም ዝም ካሉ ይሰማል። ወንድ ልጃቸው የተወለደ ሌሊት ደግሞ፣ አለቃው አልለቅም ብሎት፣ በእያንዳንዱ ዳቦ ላይ በጣቱ ምልክት እያደረገ ጋገረ። ጠዋት ከተማው ሁሉ የልጁን የልደት ዳቦ በላ፤ ማንም አላወቀም። ይህን ለሰው ነግሮ አያውቅም።

«ለምን እምቢ ብለህ አልመጣህም ያን ሌሊት?» አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ።

«እምቢ ማለት ይቻላል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለ።

በሌላ ቀን ቢሆን ትቆጣው ነበር። አሁን ግን እጁን ያዘችው። እሷም በተራዋ ስለ ቀኑ ነገረችው፤ እሱ ተኝቶ ያላየውን ቀን። የልጆቹን ትምህርት ቤት ደጃፍ፣ ልጅቷ ከዛፍ ወድቃ፣ እሱ ተኝቶ እናቷም ሥራ ላይ ሆና፣ ጎረቤት ያሳከማትን፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት አልጋቸው ላይ እንደምታርፍ። ይህን የመጨረሻውን ግን ከእሷ ይልቅ እሱ ያውቀው ኖሯል።

ከዚያ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ጨለማው ገና ሳይሳሳ ትንፋሹ ረዘመ። ጋሼ ይሁን ተኛ። በሌሊት፣ በጎኗ፣ አፉን ከፍቶ። እጆቹ ግን አልተኙም፤ መዳፎቹ ትከሻዋ ላይ ይገፉና ይመለሳሉ፣ ይገፉና ይመለሳሉ። ሊጥ እያሸ ነው። ወስፌ አልቀሰቀሰችውም። ትከሻዋ እስኪዝል ድረስ እያሸው እሷ ነቅታ አደረች።

ሲነጋ የባሕሩ ከተማ ደረሱ። ሹሙ መውረጃው ላይ ጠብቆ «ሁለተኛ በዚህ ባቡር አትሳፈሩም» አላቸው። «እናያለን» አለችው። ኃላፊው ዓይናቸው ቀልቶ፣ ኮታቸው ተጨማዶ ሳያዩአቸው አለፉ። የጎን ክፍሏ ሴት ግን ወርዳ ሁለቱንም አቅፋ ሳመቻቸው።

ባሕሩን አዩት። ጋሼ ይሁን ብዙ ካየው በኋላ «ይኸው ነው?» አለ። «ሰፊ ነው» አለች። ከዚያ በላይ የሚሉት አልነበራቸውም። ከባሕሩ ራቅ ያለ አንድ ክፍል ተከራይተው ሰነበቱ። በሌሊት አንዳንዴ ይተኛል፤ አንዳንዴ ይነቃል። ሲነቃ ግን ከአልጋው አይወርድም፤ «አንቺ፣ ነቅቻለሁ» ይላታል። ሲመለሱ እዚያው ባቡር ላይ፣ እንደዚያው ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ቆርጠው ተሳፈሩ። የሹሙን እገዳ የሰማም የጠየቀም አልነበረም።

የፍራሽ ቤቱ ግን አልማራትም። በእሷ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። አሠሪው ቀና ብሎ «ይቅርታ ጠይቂና ጥጥ መፍታቱ ላይ ቦታ እፈልግልሻለሁ» አላት።

«ይቅርታ የምጠይቀው በምኑ ነው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች፤ በዚህኛው ጊዜ ግድግዳ አልተደገፈችም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ጎረቤት ይመጣል፣ «ብልህ ሴት ነበርሽ» ይላል፣ ይሄዳል። ጋሼ ይሁን የሰው ሱቅ መጠበቅ ጀመረ፤ ሌሊት ጥበቃ ሲሰጡት እምቢ ብሎ ቀኑን ወሰደ። ኋላ አንዷ ያረጀ ፍራሽ ታሳድስላት እንደሆን ይዛ መጣች፤ ቀጥሎ የእሷ እህት፤ ቀጥሎ የእህቷ ጎረቤት። ወስፌ በረንዳው ላይ ሸራ ወጥራ መስፋት ያዘች። የጥጡ ብናኝ ለባሏ ደረት እንዳይደርስ የቤቱን በር ዘግታ ነው የምትሠራው።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ መጣች። በረንዳው ላይ ጥጥ ተከምሮ፣ እናቷ ተንበርክካ ስትሰፋ አገኘቻት።

«እማዬ፣ አሁን ይሄ ደግ ሆነ? ለጉዞ ብለሽ የስንት ዓመት ሥራሽን አጣሽ።»

ወስፌ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ሥራዬ ይኸው እጄ ላይ ነው። ያጣሁት አሠሪ ነው።»

«እሺ አባዬስ? ደህና ይተኛል?»

«የተኛ ሌሊት ይተኛል። ያልተኛ ሌሊት እናወራለን። የሚመጣው ክረምት ደግሞ ወደ ተራራው የሚሄደው ባቡር አለ ብሎኛል፤ ራሱ ነው የጠየቀው።»

ልጅቷ ልትቆጣ ነበር፤ አልሆነላትም። ቦርሳዋን ደረጃው ላይ አስቀመጠች።

«ዝም ብለሽ አትቁሚ» አለቻት እናቷ፣ «የዚያን ጨርቅ ጫፍ ያዥልኝ፣ ወጠር አድርጊው።»